ዲናሞ የሌለው መኪና

በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ሲያስታውቅ፣ ዜናው ለሁሉም እኩል አልደረሰም። መኪና ለመግዛት ዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሰው ዋጋ ማስላት ጀመረ። አስመጪው አዲስ አቅራቢ ፍለጋ ገባ። ጋራዥ ውስጥ ለምንውል ሰዎች ግን ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ከተለማማጅነቴ ጀምሮ ቤቴን ያቆምኩት በዲናሞና በሞተሪኖ ነው፤ ዲናሞ ባትሪውን የሚሞላው፣ ሞተሪኖ ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሣው ክፍል ነው። ዲናሞ አወርዳለሁ፣ ካርቦኑን እቀይራለሁ፣ ኩሽኔታው ከጮኸ አወጣዋለሁ፣ የተቃጠለ መዳብ ከሆነ ፈትቼ እንደገና እጠመጥማለሁ። መኪና ገና ወደ ግቢው ሲገባ ከድምፁ ብቻ ባትሪ መሙላት ማቆሙን የምለይበት ጊዜ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ዲናሞ የለውም። ሞተሪኖም የለውም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ የሞተር ዘይት፣ አንዳቸውም የሉም። ግማሹ ጋራዥ በአንድ ማስታወቂያ ከነገው መኪና ወጣ ማለት ነው።

"ለውጥ ሁሉ ዕድል ነው" የሚለውን አባባል አልወደውም። ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ለውጡ ያልነካው ሰው ነው፤ የሚሰማው ደግሞ የቤት ኪራይ ቀኑ የደረሰበት። ለውጥ በመጀመሪያ የሚያደርገው መውሰድ ነው፤ ደንበኛን ይወስዳል፣ የሙያን ክብር ይወስዳል፣ አንዳንዴም የምትሠራበትን ቦታ ራሱን። የሚሰጠው ነገር ቢኖር ቆይቶ ነው የሚታየው፣ ያውም ፈልጎ ላገኘው።

የት እንደሚፈለግ ግን በእነዚህ ጥቂት ዓመታት በዓይኔ ያየሁት ነገር አለ። አዲስ ነገር ሲመጣ ሙሉ ሆኖ አይመጣም። መኪናው በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ መመሪያው በቻይንኛ ነው፣ መለዋወጫው ገና አልተጫነም፣ የሚጠግነው ሰው አልሠለጠነም፣ ባለቤቱ በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ደግሞ መሙያ ሶኬት የለም። በመጣውና ባልመጣው መካከል የሚቀረው ክፍተት፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ክፍተቱን ቀድሞ የሚያየውም አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ሥራ እጁ የጠነከረ ሰው ነው፤ መንገዱን፣ ክረምቱንና የደንበኛውን ኪስ ያውቃልና።

ለውጡ ድንገተኛ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ የአሮጌ መኪና ዘመን እያበቃ መሆኑ ተነግሮን ነበር። እኛ ግን ያን ጊዜ ሥራ በዛልን፤ ሰው አሮጌውን ሽጦ ሌላ መግዛት ስላቃተው ያለውን ማሳደስ ያዘ፣ ሶማሌ ተራም መለዋወጫ በሚፈልግ ሰው ተጨናነቀ። ብዙም ሳይቆይ የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነ፤ የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ተደረገ። ነዳጅ ወደ ላይ ሄደ፤ በሐምሌ 2014 ከ48 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 100 ብርን አለፈ። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት የኢኮኖሚ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት ከራስ ወንዝ ይመነጫል። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ድምፅ የሚያልፍ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ነገሮች በዜና ተነግረዋል። ሥራ የያዘ ሰው ግን ዜናን ከራሱ መፍቻ ጋር አያይዞ አይሰማም። እኔን ወደ ሐሳቡ ያስገባችኝ ባለቤቴ ናት።

እሷ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ የጋራዡን መዝገብም የምትይዘው እሷው ነች። ማስታወቂያው በተነገረ ሰሞን አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ያለፈውን ዓመት ሥራ መስመር በመስመር ታነብልኝ ጀመር። በየመስመሩ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ይህ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ አለ?" ዲናሞ፣ የለም። ሞተሪኖ፣ የለም። የካንዴላ ገመድ፣ የለም። በእያንዳንዱ "የለም" ደረቴ ይጠብ ነበር። ቀጠለች። የፊት መብራት፣ አለ። የመስኮት ሞተር፣ አለ። የዝናብ መጥረጊያ፣ አለ። የበር ቁልፍ፣ ጥሩንባ፣ የፍሬን መብራት፣ የጎማ ዳሳሽ፣ አይጥ የበላው ሽቦ፣ አለ፣ አለ፣ አለ። አይጥ ለቤንዚንና ለኤሌክትሪክ መኪና ሽቦ አያዳላም።

ከዚያ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፤ "አንተ ሥራህ ዲናሞ መጠገን ይመስልሃል። እዚህ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ሰው ወደ አንተ የሚመጣው 'የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ የቱ እንደሆነ አላወቅንም፣ ይታይልኝ' እያለ ነው። አንተን የሚያኖርህ ፈልጎ ማግኘቱ ነው።"

እንዲህ ያለ ነገር ስለ ራሴ ሥራ ሰው ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሙያችንን በዕቃው ስም እንጠራዋለን፤ የዲናሞ ሠሪ፣ የፖምፓ ሠሪ፣ የካምቢዮ ሠሪ። ዕቃው ሲቀር ሙያው የቀረ የሚመስለን ለዚህ ነው። ከዕቃው ሥር ያለው ችሎታ ግን ሌላ ነው። ሽቦን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ መሄድ፣ መለኪያ ይዞ መጠርጠር፣ የደንበኛን አነጋገር ሰምቶ ብልሽቱን መገመት፣ ይህ ከዲናሞ ጋር አብሮ አይወርድም።

ቀስ በቀስ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህንኑ አሳዩኝ። አንድ ጧት ሰሚት አካባቢ የምትኖር ሴት ደወለችልኝ። መኪናዋ ለቻይና ገበያ ከተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ ዝርያዎች አንዱ ነው። "ትናንት ማታ ሞልቼዋለሁ፤ ዛሬ በሩ እንኳን አይከፈትም" አለችኝ። ጎረቤቶች ተሰብስበው አንዱ ዋናው ባትሪ ሞቷል ብሏታል፣ ሌላው በመኪና ተጭኖ ወደ ሻጩ ይሂድ ብሎ መክሯታል። የዋናው ባትሪ ዋጋ ስንት እንደሆነም የነገራት አለ፤ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ከርቀት መቆጣጠሪያው ውስጥ የተደበቀችውን የብረት ቁልፍ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ፣ ኮፋኖውን አነሣሁ። እዚያ ውስጥ በማንኛውም መኪና ላይ የምናውቀው ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። ለካሁት፤ ዘጠኝ ቮልት እንኳን አልሞላም። ከራሴ መኪና በገመድ ኃይል ሰጠሁት። ከወለሉ ሥር ጠንከር ያለ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ዳሽቦርዱ በራ፣ ዋናው ባትሪ ሞልቶ እንዳደረ ስክሪኑ ላይ ታየ። "በቃ?" አለችኝ። በቃ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ማወቅ ይጠይቃል። መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ 400 ቮልት ገደማ የያዘ በመሆኑ፣ መኪናው ሲጠፋ ለደኅንነት ሲባል ከቀረው ክፍል ተቆርጦ ያድራል። መልሰው የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በትንሹ ባትሪ ኃይል ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖም ምንም አይሠራም። ድሮ ዲናሞው ይሠራ የነበረውን፣ ማለትም ትንሹን ባትሪ መሙላትን፣ አሁን የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ ኃይል ወስዶ ወደ ትንሹ ዝቅ አድርጎ የሚያስተላልፍ ሳጥን ነው። ታዲያ ትንሹ ባትሪ ለምን ሞተ? መኪናው ከተገዛ በኋላ ካሜራና የስርቆት መከላከያ ተገጥሞበት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲመጠምጡት ያድራሉ። እንዲህ ያለውን ብልሽት ቪትዝና ኮሮላ ላይ ስፈልግ ነው ያደግሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ስልኬን ያዙ።

ጎረቤቴ ባትላሜራ ነው፣ ገጭተው የመጡ መኪኖችን ቀጥቅጦ የሚያቃና። እሱ ያየው ደግሞ ሌላ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከወለሉ ሥር ተነጥፎ የተቀመጠ ነው። የኛን ሰፈር መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ የተነሣ ኮብልስቶን፣ ቁመቱ ያለ ልክ የሆነ የፍጥነት መገደቢያ፣ ክዳኑ የጎደለ የፍሳሽ ጉድጓድ። መኪናው ሥሩ ሲነካ የሚነካው በጣም ውድ የሆነው ክፍሉ ነው። ጎረቤቴ መኪናውን አንሥቶ ሥሩን ለካ፣ በካርቶን ቅርጽ አወጣ፣ ከላሜራ መከላከያ ሠራ። የመጀመሪያው ከበደ፣ ውሃም ያዘ። ቀጥሎ የውሃ መውረጃና የአየር ማለፊያ ቀዳዳ ጨመረበት፣ በመኪናው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ ፋብሪካው በተዋቸው የብሎን ቦታዎች ብቻ እንዲታሰር አደረገው። መኪናውን የሠራው ኢንጂነር የሣሪስን ውስጥ ለውስጥ መንገድ አያውቅም፤ ጎረቤቴ ያውቃል። አሁን ከግጭት ጥገና ይልቅ በዚህ ሥራ ተይዟል።

ጎሚስታውም እንዲሁ። አንድ ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ባለ ሰባት መቀመጫው አይዲ 6 ከሁለት ቶን በላይ ነው። ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ የእግር ክፍሎች ቶሎ ይላላሉ። ፍሬኑ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪ ስለሚሞላ፣ የፍሬን ሸራው ለረጅም ጊዜ አያልቅም፤ ብዙ ስለማይሠራ ግን በክረምት ዲስኩ ይዝጋል፣ ፒኖቹም ይጣበቃሉ። ፍሬን ቤት የነበረ ልጅ ዛሬ ሸራ ከመቀየር ይልቅ ማጽዳትና መቀባት ይሠራል። ደንበኛውን ክረምት ሳይወጣ እንዲመጣ የሚያስታውሰው ራሱ ነው፤ ሸራ እስኪያልቅ ቢጠብቅ ማንም አይመጣለትም።

ሁለት ለውጦች ተገናኝተው ሥራ የፈጠሩላትን አንዲት ወጣትም ላንሣ። ቻይንኛ የተማረችው የመንገድና የባቡር ግንባታው በተፋፋመበት ጊዜ ነው፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር መስከረም 2009 ሲመረቅ አስተርጓሚ በብርቱ የሚፈለግ ሰው ነበር። ግንባታው ሲቀዘቅዝ የእሷም ሥራ ቀዘቀዘ። እኛ ጋራዥ የመጣችው በዘመድ በኩል፣ አንድ ስክሪን ላይ የወጣ ማስጠንቀቂያ እንድታነብልን ተጠርታ ነው። ያነበበችው "ባትሪው ተበላሽቷል" የሚል አልነበረም፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማነሱን የሚናገር ነበር። ባለመኪናው በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ዛሬ በየጋራዡ እየዞረች ትተረጉማለች፣ መለዋወጫ ለማዘዝ ከሻጮች ጋር ትጻጻፋለች፣ ለአዳዲስ ባለመኪኖችም የስክሪኑን ምልክቶች በአማርኛ አዘጋጅታ ትሰጣለች። ቋንቋ የምታውቅ ብዙ ሰው አለ፣ መኪና የሚያውቅም ብዙ ነው። እሷ በየቀኑ ከእኛ ጋር እየዋለች ሁለቱን በአንድ ራስ ላይ አዋሃደች።

ነገሩ የመኪና ሙያ ብቻ አይደለም። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን ስትጀምር በስልክ መተግበሪያ ታክሲ መጥራት በሌላው ዓለም የታወቀ ነበር። እዚህ ግን ስማርት ስልክ የሌለው፣ ኢንተርኔቱም የሚቆራረጥበት ብዙ ሕዝብ አለ። በመደበኛ ስልክ ደውሎም መኪና ማግኘት እንዲቻል መደረጉ አገልግሎቱን ከአገሩ ሰው ጋር አገናኘው። ሐሳቡ በዓለም ላይ ነበር፤ በሐሳቡና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን ርቀት የሞላ ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁሉም መሮጥ አለበት ብዬም አላምንም። እኔ የማከብራቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ የናፍጣ ፖምፓ ሠሪ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአይሱዙና በከባድ መኪና ፖምፓ ላይ የዋሉ። ልጆቻቸው "ይህ ነገር አልፎበታል፣ ወደ አዲሱ ግባ" ሲሏቸው አሰቡበትና እምቢ አሉ። ያ ማስታወቂያ የከለከለው አውቶሞቢልን ነበር፤ እህል ከጎጃም፣ ሲሚንቶ ከፋብሪካ የሚያጓጉዘው የጭነት መኪና ዛሬም በናፍጣ ይሄዳል። ወጣቱ ሁሉ ወደ ባትሪ ሲዞር ፖምፓ የሚችል ሰው እየቀነሰ መጣ፤ የጋሼ ወረፋ ረዘመ። ባሉበት መጽናትም የታሰበበት ውሳኔ ሊሆን ይችላል፣ የሚያገለግሉት ዕቃ ገና በመንገድ ላይ እስካለ ድረስ።

ለሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ሞተር ከማውረድና ከመግጠም በቀር ሌላ ያልተማሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው ትንሹን የስክሪን ጽሑፍ የማያነብላቸው ሰዎች አሉ። ጋራዣቸው ለመንገድ ልማት ከተነሣ በኋላ ደንበኛ የት እንደሄዱ ያጣቸው አሉ። መማር ገንዘብ ይጠይቃል። ክፍያው ብቻ አይደለም፣ በምትማርበት ቀን የማትሠራው ሥራም ወጪ ነው። እኔ መመርመሪያ ኮምፒውተሩንና የመከላከያ ዕቃዎቹን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ዕጣዬ ገና ነበር፤ የዕቁቡ ሰዎች ተነጋግረው ቀድሜ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፣ ዕጣ የወጣለት ጎሚስታ ተራውን ለወጠኝ። ያ ሰው እምቢ ቢል ኖሮ፣ ከላይ ያወራሁት ችሎታ ሁሉ እያለኝ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። ስለዚህ ዕድል የትጉህ ሰው ብቻ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ዕጣውን የለወጠኝን ሰው አስታውሳለሁ። ሙያ ቀይር የምንለው ሰው እስኪማር ድረስ የሚበላውን ማን ይሸፍንለታል? ይህ ጥያቄ የሥልጠናውን ያህል ሊታሰብበት ይገባል፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ከትምህርት ቤት ለሚወጣው ልጅ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ላለው ለሃምሳ ዓመቱ መካኒክም የማታ ትምህርት ቢከፍቱ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በብርቱ ያሳስበኛል። ክፍተቱ ሥራ አለው ሲባል ሁሉም ዘሎ ይገባበታል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ የተሳሳተ እጅ ብልጭታ ያያል፤ 400 ቮልት ላይ የተሳሳተ እጅ ላይመለስ ይችላል። በመኪናው ውስጥ ብርቱካናማ የሆነውን ወፍራም ገመድ ያለ ሥልጠና የሚነካ፣ የባትሪ ሳጥን በተራ መፍቻ የሚከፍት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እግዚአብሔር አተረፈው እንጂ አሟሟቱ እዚያው ነበር።

እኛ ጋ ለመማር የሚመጣ ልጅ ስለዚህ ባትሪ ከመክፈት አይጀምርም። በመጀመሪያ ቁልፉ ከመኪናው ርቆ መቀመጡን ያረጋግጣል። ትንሹን ባትሪ ይነቅላል፣ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያቋርጠውን የአገልግሎት መቁረጫ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው። ከዚያ በመመሪያው የተጻፈውን ደቂቃ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፣ በውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ። ጓንቱን ከማጥለቁ በፊት ከአንገቱ ጀምሮ ይጠቀልለዋል፣ ውስጡ የታፈነው አየር በጣቶቹ በኩል ሾልኮ እንደሆነ በጆሮው ያዳምጣል። የሾለከ ጓንት ይጣላል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን። በመጨረሻም ኃይል አለመኖሩን ለክቶ ያሳየኛል። ይህን ሳይነገረው በትክክል የሚሠራ ልጅ ሲሆን መፍቻ እሰጠዋለሁ።